የገና ሌሊት ቆመን የምናድረው ለምንድን ነው? ለሙስሊም ጓደኛዬ ምን ብዬ ላስረዳት?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ናችሁ? በዓሉ ሳይደርስ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

ደሴ ነው ተወልጄ ያደግሁት። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፣ አብሮ አደጌም የእነሱ ልጅ ናት። በገና እነሱ እኛ ቤት፣ በዒድ እኛ እነሱ ቤት፣ ያው የወሎን ነገር ታውቁታላችሁ። ሰሞኑን ቡና እየጠጣን ምን አለችኝ፣ «ጥምቀት ይገባኛል፣ ታቦት ይወርዳል፣ ውሃ ይረጫል። ስቅለትም ይገባኛል፣ ሐዘን ነው፣ ስትሰግዱ ትውላላችሁ። ገና ላይ ግን በዚህ ውርጭ ሌሊቱን ሙሉ ቆማችሁ ታድሩና ጠዋት ዶሮ በልታችሁ ትተኛላችሁ። ሌሊቱን ምን ስታደርጉ ነው የምታድሩት?»

«የጌታ ልደት ነው፣ እናመሰግናለን» አልኳት። «እሱማ ገባኝ፣ ልደት ከሆነ ታዲያ ለምን እንደ ልቅሶ ቤት ታድራላችሁ?» ስትል ሳቅ አመለጠኝ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ልጅቷ ለክፋት አይደለም፣ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔም ብሆን ማኅሌቱን እሰማለሁ፣ ጧፍ አበራለሁ፣ አብሬ አጨበጭባለሁ፣ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ከተጠየቅሁ ግን ከ«ልደት ነው» አላልፍም። ደግሞ ዘንድሮ ኑሮው ከብዶናል። በግ የሚታሰብ አይደለም፣ ዶሮዋም እንደ ገበያው ነው። ትናንት እናቴ «ዘንድሮ እንኳ ገና የለም» ስትል ሰማኋትና ከነከነኝ። ገና በግ ነው እንዴ? ከሆነስ ቅዳሴው ምኑ ነው?

እባካችሁ ስብከቱን ቀነስ አድርጋችሁ በሰው አማርኛ ንገሩኝ።

መቋሚያ (ወልድያ)

እህቴ፣ ሸጋ ጥያቄ ነው። ለጓደኛሽ ከሌሊቱ አትጀምሪላት፣ ከኅዳር 15 ጀምሪላት። ያን ቀን የምንይዘው ጾም ጾመ ነቢያት የተባለው ነቢያቱ «ይወርዳል፣ ይወለዳል» እያሉ ሲጠብቁ ስለኖሩ ነው። ኢሳይያስ ድንግል እንደምትፀንስ ተናገረ (7፥14)። ሚክያስ ደግሞ ቦታውን ሳይቀር ቤተ ልሔም ብሎ ጠራው (5፥2)። ሁለቱም ሳያዩት ሞቱ። ከእነሱም በፊት አዳም አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አዳም ከገነት ሲወጣ «ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚል ቃል ኪዳን ተቀብሎ ነው የወጣው፣ ያ ቃል እስኪፈጸም 5,500 ዘመን ተጠብቋል። እኛ እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ጾም ውስጥ እንኖረዋለን።

ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ እሑዶቹ ስም አላቸው። ከ7 እስከ 13 ባለው ጊዜ የሚውለው እሑድ ስብከት ይባላል፣ ነቢያት ስለ እርሱ የሰበኩት ይታሰብበታል። ቀጥሎ ብርሃን አለ፣ «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» የሚለው የዳዊት ልመና ነው። ከ21 እስከ 27 ደግሞ ኖላዊ፣ እረኛው። «የእስራኤል እረኛ ሆይ፣ አድምጥ» እያልን ነው በዓሉ ደጃፍ የምንደርሰው። ልመናው በየሳምንቱ እንዴት እየቀረበ እንደሚመጣ አየሽ? መጀመሪያ ይመጣል ተባለ። ከዚያ ብርሃን ላክልን። ከዚያ አንተው ራስህ ና። ይህን ተከትሎ የደረሰ ሰው የዋዜማው ማታ እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም። ጾሙንም እሑዶቹንም ዘሎ በዋዜማው ብቻ ነጠላ ለብሶ የሚመጣው ግን ሌሊቱ ቢረዝምበት አልፈርድበትም።

ለምን ሌሊት ለሚለው ሉቃስ ምዕራፍ 2 መልስ አለው። መልአኩ የመጣው በሌሊት መንጋቸውን ለሚጠብቁ እረኞች ነው። ከተማው ተኝቷል። ሄሮድስ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነው። የምሥራቹ ሜዳ ላይ ለሚያድሩት ተነገረ፣ ያን ሌሊት ነቅቶ የተገኘ ሰማ። እኛም ነቅተን እንገኛለን፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ «ልቅሶ ቤት» ልምጣ። ጓደኛሽ ሳታውቀው ነካ አድርጋዋለች። ማኅሌት ላይ ከበሮውን ልብ ብለሽ እዪው። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው ብለው ነው መምህራኑ ያስተማሩን። ዙሪያውን የተወጠረበት ጠፍር ደግሞ የግርፋቱ ሰንበር ነው። ሕፃኑ በተወለደበት ሌሊት፣ በዚያ ሁሉ ሽብሸባና ጭብጨባ መሐል፣ ግርፋቱ ካህኑ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል ማለት ነው። ሰብአ ሰገልም ወርቅና ዕጣን ብቻ ይዘው አልመጡም፣ ከርቤም አለበት። ከርቤ ለቀብር ነው፣ ኒቆዲሞስ ሥጋውን ሊገንዝ ሲመጣ ይዞ የመጣው ከርቤ እንደነበረ ዮሐንስ ጽፏል። ስለዚህ ሌሊቱ ደስታ ነው፣ ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ደስታ ነው። ፊታችን ቢከብድባት አይገርምም።

የኮምቦልቻው

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። እኛም ያው በዚሁ ቀን ነው የምናከብረው። ማታ ዝማሬ አለ፣ ልጆች ድራማ ይሠራሉ። ዘንድሮ የእህቴ ልጅ በግ ሆኖ እንዲተውን ተመድቦ «እረኛ ካልሆንኩ» ብሎ አኩርፏል።

ለጓደኛሽ እኔ ብሆን ዮሐንስ 1፥14ን ነው የማነብላት፣ «ቃልም ሥጋ ሆነ»። ከዚያ ፊልጵስዩስ 2ን። በእግዚአብሔር መልክ የነበረው ራሱን ባዶ አደረገ፣ የባሪያን መልክ ያዘ። ከላይ ያለው ወረደ፣ እኛም ፊቱ ዝቅ እንላለን። አምልኮው ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው ባይ ነኝ።

መቋሚያ፣ አትቀየመኝና፣ የከበሮው ጠፍር ሰንበር መሆኑን ከቆመው ሕዝብ ስንቱ ያውቃል? ዜማው በግዕዝ ነው፣ ቅዳሴውም አብዛኛው በግዕዝ። ያልገባህን ነገር ሌሊቱን ሙሉ መስማት አምልኮ ነው ወይስ ልማድ? «በመንፈስና በእውነት» ነው እኮ የተባለው።

እማማ ሐይቅ

(የልጅ ልጃቸው ነኝ የምጽፍላቸው። ከላይ ያለውን ሁሉ ሳነብላቸው «በል ጻፍልኝ» ብለው ነው። እንዳወሩት አስቀምጬዋለሁ።)

የኮምቦልቻው ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ እኔስ አልተቀየምሁህም። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ግዕዙንም አላውቀው። ግን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስል ምን እንደምል አውቃለሁ። ወንጌሉም በአማርኛ ይነበባል፣ ቄሱም ያስተምራሉ። የቀረውን ለሚያውቀው ትቼ እቆማለሁ። እረኞቹስ ቢሆኑ ሁሉ ገብቷቸው ነው የሄዱ? እስከ ቤተ ልሔም እንሂድ ተባባሉ፣ ሄዱ። ምን ይዘው ሄዱ? ምንም። እነዚያ ከምሥራቅ የመጡት ወርቅ ነበራቸው፣ ሰጡ። እረኛ ምን አለው፣ ራሱን ይዞ ሄደ። ሁለቱንም አልመለሳቸው።

የደሴዋ ልጄ፣ አንቺ ግርግም ታውቂያለሽ? አሁን ከተማ ስወጣ ግርግም ነው ብለው በካርቶን ሠርተው፣ ጥጥ አልብሰው፣ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት አያለሁ። ያምራል። ግርግም ግን እንዲያ አይደለም። እኔ ያደግሁበት ቤት ሰዉም ከብቱም ባንድ ጣራ ነበር የሚያድር። እኛ መደብ ላይ፣ እነሱ ወዲያ በጋጡ። ግርግሙ በጭቃና በእበት የተለሰነ ነው፣ የላሟ ምላስ ጠርዙን ልሶ ልሶ ያሳሳዋል። ሽንቱ ይሸታል። ገለባው ይዋጋል። በታኅሣሥ ውርጭ ታዲያ ከላሟ አጠገብ የሚሻል ቦታ የለም፣ ትንፋሿ ቤቱን ያሞቀዋል። ቄሱ «እንስሳት ትንፋሻቸውን ገበሩለት» ሲሉ ለእኔ ተረት አይደለም። አውቀዋለሁ፣ ፊቴ ላይ አውቀዋለሁ።

ሌሊት ቆሜ ሌላ አላስብም። የሰማይና የምድሩ ጌታ እዚያ ተኛ፣ እዚያ ሽታ ውስጥ፣ የሚያሳድራቸው ጠፍቶ። ይችን ሳስብ እግሬንም እረሳዋለሁ። ጧፉ ቀልጦ እጄ ላይ ጠብ ሲል ነው የምነቃው።

እናትሽ «ገና የለም» አለች አልሽ። አትፍረጂባት። እናት ለልጆቿ የምታቀርበው ሲጠፋባት እንዲያ ትላለች። ግን ንገሪያት። በ2014 ከዚያ ጦርነት ወጥተን ገናን ስናከብር ዱቄቱ እንኳ ከጎረቤት የተገኘ ነበር። ዶሮ የሚባል በሰፈሩ አይጮህም። ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ልጁ የቀረበት ነበር፣ ቤቱ የተዘረፈ ነበር፣ ሁሉም መጣ። ቄሱ «ሰላም በምድር» ሲሉ ሰዉ ሁሉ አለቀሰ፣ ወዲያው ደግሞ እልል አለ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁለቱም ባንድ ላይ። እንዲያ ያለ ገና አላየሁም።

የመርሳ ልጅ

እማማ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እስቲ ስለ ጓደኛዋ ሆኜ ልናገር። እህቴ፣ ከምታውቀው ብትጀምሪላት ይቀላታል። እኛ ጋ የመውሊድ ሌሊት ምን ይደረጋል? መንዙማው ይወጣል፣ ድቤው ይመታል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይወርዳል፣ ሰው ሳይተኛ ያነጋል። ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሄደ ያውቀዋል። ለምን ታድራላችሁ ብትባል መልስ የምታጣ አይመስለኝም፣ ናፍቆት ነው። የማን ናፍቆት የሚለው ላይ ነው የምንለያየው።

የመርየምን ነገርም ታውቀዋለች። ቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራ ሱራ አለ፣ 19ኛው። ምጥ ይዟት ወደ ተምር ግንድ ተጠግታ «ምነው ከዚህ በፊት በሞትሁ» ያለችው እዚያ አለ። ብቻዋን ናት፣ ሰው ምን ይላል የሚለው ፍርሃትም አለ። ይህን ያህል አብረን እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ ልዩነቱ ግልጽ ነው። እኛ ዒሳ (ዐለይሂ ሰላም) የአላህ ነቢይ ነው እንላለን። እናንተ አምላክ ሰው ሆነ ትላላችሁ። ይህን አታድበስብሺው። «አምላካችን ሕፃን ሆኖ ተወለደ ብለን ስለምናምን ነው ቆመን የምናድረው» በያት። አትስማማም። ግን ይገባታል፣ የጠየቀችሽም እሱን ነው። ወሎ ላይ ስንኖር በሁሉ ነገር ተስማምተን መሰለሽ?

የእናቴ እናት ክርስቲያን ነበረች። በገና ሁለት ድስት ይጣድ ነበር፣ የእኛው በአባቴ እጅ የታረደ፣ ማማሰያው እንኳ አይቀላቀልም። እሷ ተከናንባ ከቅዳሴ ስትመለስ አባቴ ለሱብሒ (ለንጋት ሶላት) ሲወጣ በር ላይ ይገናኙ ነበር። «ተቀበለሽ?» ይላታል። «አንተንም ይቀበልህ» ትለዋለች። አብሽሪ፣ ጓደኛሽ የራቀ ነገር አይደለም የጠየቀችሽ።

የላስታ ልጅ (ላሊበላ)

«ከላይ ያለው ወረደ» ከተባለማ ቤዛ ኩሉን ሳላነሳ አላልፍም።

እኛ ጋ ልደት ድርብ ነው፣ ንጉሥ ላሊበላም በዚሁ ቀን ነው ተወለደ የሚባለው። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ጠዋት ሰዉ ወደ ቤተ ማርያም ይጎርፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት ተፈልፍሎ ወደ ታች የተሠራ ስለሆነ ዙሪያው ግድግዳ ነው። ላይ ያለው ጠርዝ ማሜ ጋራ ይባላል። ካህናቱ ከሁለት ይከፈላሉ፣ ገሚሱ ማሜ ጋራ ላይ ይሰለፋል፣ ገሚሱ ታች ግቢው ውስጥ። የላዮቹ መላእክቱን ይወክላሉ። የታቾቹ እረኞቹን፣ ማለትም እኛን። ከላይ «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» (የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ) ሲባል ከታች ይቀበላሉ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ጸናጽሉ እየተንሿሿ፣ ከበሮው ከአለቱ ጋር እየተጋጨ እየተመለሰ፣ ላዩ ለታቹ ታቹ ለላዩ እየሰጠ ይቀጥላል።

ልጅ ሆኜ የሚያስቀኑኝ የላዮቹ ነበሩ። ነጭ ለብሰው ሰማዩ ላይ የቆሙ ነው የሚመስለው። አሁን ታች መቆም ነው የምመርጠው። ታች ስትቆሚ ድምፁ ከላይ ይወርድብሻል። አዳም ከወጣ ወዲህ ሰማይና ምድር ተኳርፈው ከርመው፣ ያን ሌሊት መላእክት እረኛ ፊት ቆመው ዘመሩ። ሉቃስ በሁለት ቁጥር ነው ያለፈው። እኛ ጋ ዓይንሽ እያየ ይሆናል።

ካሜራው በዝቷል፣ እሱን አልደብቅሽም። ለእንግዳ ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ከተማችን በእንግዳ ነው የምትኖረው። ግን ስልኩን ካህኑ አፍንጫ ሥር የሚደቅነው ብዙ ጊዜ የእኛው አገር ሰው ነው። በተረፈ ከየገጠሩ በእግሩ የሚመጣውን ምዕመን እዪልኝ። ቆሎውን በአቁማዳ ይዞ፣ ቀን ተጉዞ፣ ሌሊት ብርድ ላይ አድሮ ይደርሳል። የኛ ሰው ውሃ ለብ አድርጎ እግሩን ያጥበዋል፣ ያለውን ያካፍለዋል። «በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስለሌላቸው» የሚለውን ቃል ሰምቶ በሩን የሚዘጋ የለማ።

ገበያ ዋልሁ

ሁላችሁም አሳመራችሁት፣ እሺ። እኔ የማየውን ልናገር። ሰዉ ሌሊት ይቆማል፣ ጠዋት ጠላ ላይ ይቀመጣል፣ ከሰዓት ይደባደባል። ሳምንቱን ሙሉ ወሬው የበግ ዋጋ ነው። ተበድሮ ያርድና ጥርን ሙሉ አበዳሪ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ቅዳሴው ይበቃል፣ ድግሱ ይቅር። ይሄ ነው የኔ መልስ።

የሌሊት ተረኛ (ደሴ)

ቅዳሴውም የማይደርሰን አለን እኮ። ማዋለጃ ክፍል ነው የምሠራው፣ ነርስ ነኝ። ገና ሌሊት ተረኛ ስሆን መጀመሪያ አካባቢ ይከፋኝ ነበር፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ ሲሄድ እኔ ጓንት አጥልቄ። ከሩቅ የድምፅ ማጉያው ይሰማል፣ ነፋሱ ወደ እኛ ሲያመጣው ከፍ ይላል፣ ሲመልሰው ይጠፋል።

አንድ ገና ከደሴ ዙሪያ በቃሬዛ የመጣች ሙስሊም እናት ነበረችን። ብዙ ደክማለች። እናቷ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው «ያ ረቢ» ይላሉ፣ ውጭ «ሃሌ ሉያ» ይባላል፣ እኔ ግፊ እላለሁ። ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም። ጀርባውን አሸት አሸት፣ አፍንጫውን መጠጥ፣ ትንሽ ቆይቶ ጮኸ። ሰማያዊ የነበረው ሲቀላ አየሁት። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። እግዚአብሔር እንዲህ ሆኖ መጣ? ካልተጠቀለለ የሚሞት፣ ካልታቀፈ የሚሞት ሆኖ? ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም።

እረኞቹም እኮ ሥራ ላይ ነበሩ። ተረኛ ነበሩ። መልአኩ ሥራቸውን አልነቀፈም። ስለዚህ ሾፌርም፣ ዘበኛም፣ ዳቦ ቤት የሚያድረውም ይህን ካነበበ እንዳይከፋው።

መቋሚያ (ወልድያ)

ተረኛዋ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ለሚመጣው እሑድ ትምህርት ይህን እወስደዋለሁ።

ገበያ ዋልሁ፣ ብድሩ ላይ እውነትህን ነው። ስካሩም ላይ። ድግሱ ይቅር ያልከው ግን አይዋጥልኝም። ቃል ሥጋ ሆነ ብለን እያመንን የሥጋን ደስታ እንደ ነውር ልናይ አንችልም። የጾመ ይፈስካል፣ ያለው ለሌለው ይልካል፣ በዓል እንዲህ ነው። የገና ጨዋታንስ ምን ልታደርገው ነው? ገጠር ያደገ ያውቀዋል፣ ሩሯን ሜዳ ላይ ጥለው በበትር ሲያሯሯጧት ባላባቱም አራሹም እኩል ነበር፣ ቅልጥሙን የተመታ ጌታ አልቅሶ ይገባል እንጂ አይከስም። እረኞች የምሥራቹን ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ፣ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። የጌቶች ጌታ ከከብት ጋር ባደረበት ቀን የትኛው ጌታ ነው የሚቆጣ?

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንቆምና ቅዳሴው መጨረሻ ላይ ለቁርባን የሚቀርቡት ሕፃናትና ጥቂት አረጋውያን ይሆናሉ። ጎልማሳው የት ሄደ? ቅዳሴ እኮ ወደ ሥጋ ወደሙ የሚያደርስ መንገድ ነው። ግርግም ውስጥ የተኛው ያው ሥጋ ነው መሠዊያው ላይ ያለው ብለን ነው የምናምነው። እረኞቹ እስከ ቤተ ልሔም ሄደው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ ሳይገቡ ቢመለሱ ምን ትላቸው ነበር? ጠያቂዋ፣ ይቺኛዋ ለጓደኛሽ አይደለችም፣ ለአንቺ ናት። ንስሐ አባትሽን አነጋግሪያቸው።

የኮምቦልቻው

መቋሚያ፣ ከበሮውን ትተህ ይቺን መጀመሪያ ብትጽፋት ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ። ቁርባኑ ላይ የምንለያይበት አለ፣ ግን ገብቶኛል።

እማማ፣ የግርግሙን ነገር ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። የኛም ከካርቶን ነው የተሠራው፣ ጥጥም አለበት።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እማማ፣ የእርስዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «ድፎውን ግን እንደፋለን» አለች።

ለጓደኛዬም የተረኛዋንና የመርሳውን ልጅ አሳየኋት። ወደደችው፣ ግን ዝም የምትል ልጅ አይደለችም፣ ሌላ ጥያቄ ጨመረችልኝ። «ካቻምና በታኅሣሥ 28 ነበር ያከበራችሁት፣ ዘንድሮ በ29። የልደት ቀን ይቀያየራል እንዴ?» እኔ የማውቀው ቄሱ ሲያውጁ ነው።

መቋሚያ (ወልድያ)

ይቺ ልጅ ጉባኤ ቤት መግባት ነበረባት።

ቀኑን የሚወስነው የእመቤታችን ፅንስ ነው። ቅዱስ ገብርኤል ያበሠራት መጋቢት 29 ነው። ከዚያ 9 ወር ከ5 ቀን ቁጠሪ፣ 275 ቀን ማለት ነው፣ ታኅሣሥ 29 ላይ ትደርሻለሽ። ይህ ጳጉሜን 5 ስትሆን ነው። በየአራት ዓመቱ፣ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ከሚጠሩት ዓመታት ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ያኔ በ29 እናክብር ብንል ሕፃኑ ማሕፀን ውስጥ 276 ቀን ሊቆይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ 28 ላይ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን የበዓሉን ቀን ታንቀሳቅሳለች፣ የእናቲቱን ቀን ግን አትነካም። ካቻምና፣ 2016፣ ዮሐንስ ነበር። የሚቀጥለው 28 በ2020 ነው። ያን ዓመት ዶሮውን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ ገበያው ላይ ሁሌ የሚሳሳት አይጠፋም።